«ሌሊት ጢቅ ይላል»፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የውሃ ማማ በገመድ የተፈተሸበት ጉዳይ

ሥራዬ በገመድ ተንጠልጥሎ ብረት መፈተሽ ነው። ሥራውን የተማርኩት ባሕር ላይ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ውሃ ውስጥ በቆሙ የነዳጅና የጋዝ መድረኮች ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። የተወለድኩት ግን ደብረ ብርሃን ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ። አገሬ ስገባ ብዙ ሰው «የባሕር ሙያ ይዘህ ሸዋ ምን ልትሠራ መጣህ?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከአንድ ሥራ ተነስቼ ብናገር ይሻላል።

ጉዳዩ የአንድ ፋብሪካ የውሃ ማማ ነው። የፋብሪካውን ስም አልጠቅስም። ማማው 28 ሜትር ይረዝማል። አራት ወፍራም የብረት ቱቦ እግሮች አሉት። እግሮቹን ቀጠን ያሉ ሰያፍ ቱቦዎች ከታች እስከ ላይ እርስ በርስ ያያይዟቸዋል። አናቱ ላይ 60 ሜትር ኩብ የሚይዝ ታንከር ተቀምጧል። ሲሞላ ውሃው ብቻ 60 ቶን ነው ማለት ነው። ከማማው ሥር፣ ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ የሠራተኞች ምግብ ቤት አለ። ቀን ቀን ከዚያ መንገድ ሰው አይጠፋም።

የተጠራነው በታኅሣሥ 2012 ነው። ፋብሪካው ማማውን ቀለም ሊያስቀባ አስቦ ነበር። የጥገና ክፍሉ ኃላፊ «ከመቀባቱ በፊት አንዴ ይታይ» አለ። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ነገር አተረፈ። ቀለም ዝገትን ይከላከላል፣ እውነት ነው። ስንጥቅንም ግን ይሸፍናል። የተቀባ ብረት ከታች ሆኖ ለሚያየው ሁሉ ጤነኛ ይመስላል።

ከዚያ በፊትም ማማው ታይቶ ነበር። ባለሙያ መጥቶ ከመሬት በሩቅ ማያ መነጽር ዞሮ አይቶታል። «ደህና ነው» የሚል አንድ ገጽ ወረቀትም ተጽፏል። ሰውየው አልዋሸም። ከታች የሚታየው ነገር ደህና ነበር።

ለምን ገመድ?

መጀመሪያ የታሰበው የባሕር ዛፍ ስካፎልዲንግ ነው። አገራችን ለምዶታል፤ ለብዙ ሥራም በቂ ነው። ግን 28 ሜትር ድረስ በአራቱም ጎን አጣና እየመቱ መውጣት ሳምንታት ይፈጃል። ያንን የሚያቆሙት ልጆች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይታጠቁ ነው የሚወጡት። አንድን ማማ ለማየት ብሎ ከማማው የባሰ አደጋ ማቆም አይታየኝም።

ባሕር ላይም የገመድ ሥራ የመጣው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። የመድረኩ ወለል ሥር መሬት የለም፤ ውሃ ነው። ስካፎልዲንግ ከላይ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ነው የሚሠራው። ለዚያ ብዙ ሰው ያስፈልጋል። መድረክ ላይ ደግሞ አልጋው የተቆጠረ ነው። አንድ ሰው በተጨመረ ቁጥር አልጋ፣ ምግብ፣ የሄሊኮፕተር ወንበር፣ የነፍስ አድን ጀልባ ቦታ ይጨመራል። ስለዚህ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የዋሻ አሳሾችና የተራራ ወጪዎች ዘዴ ወደ ሰሜን ባሕር መድረኮች ገባ። በዚያው ዐሥር ዓመት መጨረሻ ገደማ እንግሊዝ ውስጥ ኢራታ የተባለው የገመድ ሥራ ማኅበር ተቋቋመ። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት የሦስት ደረጃ ሥልጠና የእሱ ነው። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ለማለፍ ቢያንስ አንድ ዓመትና 1,000 ሰዓት ገመድ ላይ ማሳለፍ ግድ ነው። ወረቀቱም በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል።

የዘዴው ሕግ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ማንም ሰው በአንድ ገመድ አይንጠለጠልም። አንዱ የመሥሪያ ገመድ ነው፤ የምትወርደውም የምትቆመውም በእሱ ነው። ሁለተኛው መጠባበቂያ ነው፤ ላዩ ላይ አብራህ የምትንሸራተት፣ ድንገት ስትወድቅ ነክሳ የምትይዝ መሣሪያ አለች። ሁለቱ ገመዶች የሚታሰሩትም ለየብቻቸው በሆነ ቦታ ነው። አንዱ ቢበጠስ፣ አንዱ ማሰሪያ ቢለቅ፣ ሰውየው ይቀራል።

እኛ ሦስት ነበርን። እኔ በሦስተኛ ደረጃ ኃላፊ ነኝ። ሁለተኛው ባሕር ላይ አብሮኝ የሠራ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ሦስተኛው ገና ጀማሪ ነው፤ እዚሁ የሰላድንጋይ ልጅ።

አመዳይ

የመጀመሪያውን ቀን በማሰር አሳለፍን። አራቱን እግሮች አናታቸው ላይ የሚያገናኘው፣ ታንከሩን የተሸከመው ወፍራም ብረት ላይ ነው ያሰርነው። ሹል ጠርዝ ባለበት ሁሉ ከገመዱ ሥር መከላከያ አደረግን። ከዚያ የማዳን ልምምድ ሠራን። ሰዎች ይህን ክፍል ሲዘሉት ሳይ እናደዳለሁ። ሰው ራሱን ስቶ መታጠቂያው ላይ ሳይንቀሳቀስ ከተንጠለጠለ ደሙ እግሩ ላይ ይጠራቀማል። በደቂቃዎች ውስጥ ነገሩ ሊከፋ ይችላል። እሳት አደጋ ደውለህ የምትጠብቅበት ጊዜ የለም። ስለዚህ ገመዶቹን የምናስረው ከላይ ሆኖ አንድ ሰው ብቻውን ሊለቃቸውና የተንጠለጠለውን ወደ መሬት ሊያወርድ በሚችልበት መንገድ ነው። 80 ኪሎ የአሸዋ ጆንያ ሰቅለን ሁለት ጊዜ አወረድን። ያኔ ነው ለልጁ «ነገ ትወርዳለህ» ያልኩት።

ማታ ገመዶቹን እንደተሰቀሉ ትተናቸው ሄድን። ግቢው ይጠበቃል፣ ሌባ የለም ብዬ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። የታኅሣሥን ሌሊት ረስቼው ነበር። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ስንደርስ ሣሩ ሁሉ በአመዳይ ነጭ ሆኗል። ገመዱን ስይዘው እንደ ዱላ ግትር ነው። ላዩ በጥቃቅን በረዶ ተሸፍኗል። እንዲህ ያለ ገመድ ላይ የመውረጃ መሣሪያም የመጠባበቂያ መሣሪያም በደንብ አይነክስም። ናይለን ሲርስም ጥንካሬው ይቀንሳል። ባሕር ላይ ጨውና ሙቀት ነበር የሚያስቸግረኝ። አመዳይን የሚያውቀው የልጅነት እጄ ነበር፤ ሥራ ላይ አላስታወስኩትም።

እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ጠበቅን። ፀሐይ ገመዱን አሞቀችው፣ አደረቀችው። ክንድ በክንድ እየዳሰስን ፈተሽነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገመድ ማታ ማታ ይወርድና ጆንያ ውስጥ ቤት ያድራል። የሥራ ሰዓታችንም ከ4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሆነ። ከዚያ በኋላ ነፋሱ ይነሳል።

ከማማው ሥር በቢጫ ሪባን የከለልነው ክልል ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ አመጣ። ወደ ምግብ ቤቱ የሚወስደውን አቋራጭ ዘግቷል። አስተዳደር «ሠራተኛው ዙሮ ይሂድ ነው የምትሉት?» አለን። አዎ፣ ዙሮ ይሂድ። በሁለተኛው ቀን ከቀትር በፊት የጀማሪው ልጅ መፋቂያ ከእጁ አመለጠ። ማሰሪያዋን ታጥቋል፤ መያዣው ግን አልተቆለፈም። መፋቂያው 20 ሜትር ወርዶ ሪባኑ ውስጥ መሬት ላይ ተተከለ። ድምፁን ሁሉም ሰማ። ልጁ ነጭ ሆኖ ቀረ። አወረድኩት፣ ሻይ ጠጣ፣ የሁሉንም መሣሪያ መያዣ ራሱ አንድ በአንድ ፈትሾ ተመልሶ ወጣ። ስለ አቋራጩ ሁለተኛ ያነሳ ሰው አልነበረም።

ጋሼ

የማታው ጥበቃ የመንዝ ሰው ናቸው። ሽበታም፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው በር ላይ የሚቀመጡ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ገመዱን ስንጠቀልል አጠገባችን መጡ። አንዱን ጫፍ አንስተው በጣታቸው መሐል አሻሹት። አጠፉት። ወደ ዓይናቸው አቀረቡት። እኛ ገመድ ስንፈትሽ የምናደርገውን ነው የሚያደርጉት፤ ከሽፋኑ ሥር የተበጠሰ ወይም የላላ ነገር ካለ ጣት ይነግርሃል።

«ይኼ ምንድን ነው ልጄ?»

«ናይለን ነው ጋሼ። ውስጡ ክሩ ነው የሚሸከመው፣ ላዩ ሽፋን ነው።»

«እኛ በጓሳ ሣር ነበር የምንገምደው። ጣትህ ካላወቀው አትጫንበትም።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ማማው እያዩ፦

«ያን ፓውዛው የተሰካበትን አይታችሁታል?»

«የቱን ጋሼ?»

«በምሥራቅ በኩል ያለውን። ነፋስ ሲነሳ ሌሊት ጢቅ ይላል። ከነገርኳቸው ሦስት ክረምት አለፈው።»

«ምን አሉዎት?»

«ብረት ሲበርደው ይጮሃል አሉኝ። ሲበርደውማ አመሻሹ ላይ ነው የሚጮኸው። ይኼ ነፋስ ጠብቆ ነው።»

የፍተሻ ሰው ከዚህ የተሻለ ምስክር አያገኝም። እውነት ነው፣ ብረት ሙቀቱ ሲለወጥ ይጮሃል። እሳቸው ግን ሁለቱን ድምፅ ለይተዋቸዋል። አንዱ ብርድን ይከተላል፣ ሌላው ነፋስን። ነፋስን የሚከተል ድምፅ ማለት የሚንቀሳቀስ ነገር አለ ማለት ነው። በእቅዳችን መሠረት የምሥራቁ ጎን የመጨረሻው ቀን ነበር። ወደ ማግስቱ አመጣሁት።

አሌክሳንደር ኪላንድ

እዚህ ላይ ለምን እንደደነገጥኩ ማስረዳት አለብኝ። በባሕር ሥራ ውስጥ ያለፈ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ስም አለ። አሌክሳንደር ኪላንድ በኖርዌይ የሰሜን ባሕር ክልል፣ ኤኮፊስክ በተባለው የነዳጅ ቦታ፣ ለሠራተኞች ማደሪያ ያገለግል የነበረ ተንሳፋፊ መድረክ ነው። በአምስት ዐምዶች ነበር የሚንሳፈፈው። መጋቢት 18 ቀን 1972፣ በፈረንጆቹ ማርች 27 ቀን 1980፣ ማታ ላይ በማዕበል ውስጥ እያለ ከሰያፍ ቱቦዎቹ አንዱ ተበጠሰ። እሱ ሲሄድ ያንን ዐምድ የያዙት ሌሎቹ ቱቦዎች ተከታትለው ሄዱ። ዐምዱ ተገነጠለ። መድረኩ በግማሽ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ተገለበጠ። 212 ሰዎች ነበሩበት። 123ቱ ሞቱ።

ምርመራው የደረሰበት ነገር ነው የማይረሳው። የተበጠሰው ቱቦ ላይ አንዲት ትንሽ መያዣ ተበይዳ ነበር። ከውሃ ውስጥ ድምፅ ለሚቀበል መሣሪያ መቀመጫ ናት። መድረኩን አትሸከምም፣ ማዕበል አትችልም። እንደ ዕቃ መስቀያ ነው የታየችው። ዙሪያዋን የያዘው ብየዳ 6 ሚሊ ሜትር ነበር። ስንጥቁ የጀመረው ከዚያ ብየዳ ነው። ከተሰነጠቀው ገጽ ላይ ደግሞ ቀለም ተገኘ። ያም ማለት መድረኩ ተሠርቶ ሲቀባ ስንጥቁ አስቀድሞ ነበረ። ቀለም ቀቢው በላዩ ላይ ቀብቶበታል። ከዚያ ማዕበሉ በየቀኑ ሲያጥፈውና ሲዘረጋው፣ ሲያጥፈውና ሲዘረጋው፣ የብረት ድካም በሚባለው አደገ።

ለዚህ ነው «ፓውዛው የተሰካበት» የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ የቀረው። ሰው ዋናውን እግር ያሰላል፣ ዋናውን መገጣጠሚያ ይፈትሻል። ኋላ መብራት ሊሰቅል የሚመጣውን በያጅ ማንም አያሰላውም። ብረቱ ግን የትኛው ብየዳ በሥዕሉ ላይ እንዳለና የትኛው እንደሌለ አያውቅም።

ቀዩ መስመር

በሦስተኛው ቀን ምሥራቁን ጎን ወረድኩ። ከ19 ሜትር ላይ አንድ ሰያፍ ቱቦ አለ፤ ወርዱ 114 ሚሊ ሜትር። ላዩ ላይ አንግል አይረን ተበይዷል። ከአንግሉ ጫፍ አንድ ሜትር ተኩል ክንድ ወጥቷል። በክንዱ ጫፍ ላይ ትልቅ ፓውዛ። ክንዱን በእጄ ወደ ታች ገፋ አድርጌ ለቀቅኩት። ለረጅም ጊዜ ተወዛወዘ። በዚያ ቀን ነፋስ አልነበረም፤ በነፋስ ቀን ምን እንደሚመስል አሰብኩ።

ብየዳው አስቀያሚ አልነበረም። ይህን መናገር እፈልጋለሁ። በያጁ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ነው። ችግሩ ቦታው ነው። ቀጭን ቱቦ ላይ ግትር ብረት ስትበይድ ቱቦው መተጣጠፍ የሚፈልገው እዚያው ብየዳው ጫፍ ላይ ይሰበሰባል።

አንግሉ የተቀመጠው በቱቦው የላይኛው ገጽ ላይ ነው። ከመሬት የሚያይ ሰው የቱቦውን ሆድ ብቻ ነው የሚያየው። ከላይ ሆኖ ግን ከብየዳው ጫፍ ወደ ጎን የወረደ ቡናማ የዝገት መስመር ይታያል፤ ጣት የማይሞላ። ፊቴን 30 ሴንቲ ሜትር አስጠጋሁ። ቀለሙ እዚያ ቦታ ላይ ተፈልቅቋል።

ባሕር ላይ ቢሆን ማግኔታዊ ፍተሻ እናደርግ ነበር። ነጭ ቀለም ይቀባል፣ ብረቱ በማግኔት ይያዛል፣ ጥቁር የብረት ደቃቅ ያለበት ፈሳሽ ይረጫል፤ ደቃቁ ስንጥቁ ላይ ይሰለፋል። ማማው ላይ የያዝነው ግን ቀዩን የቀለም ፍተሻ ነበር። ቀላል ነው፣ መብራት አይፈልግም። ነገር ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። መጀመሪያ ቀለሙን በመድኃኒት አለስልሰን በቀስታ ፋቅነው። ግራይንደር አላስነካነውም፤ ግራይንደር ብረቱን አለስልሶ የስንጥቁን አፍ ይዘጋዋል። ከዚያ የብረቱን ሙቀት ለካን። 6 ዲግሪ። የያዝነው ፈሳሽ ከ10 ዲግሪ በታች አይሠራም፤ ቀዩ ፈሳሽ ወፍሮ ስንጥቁ ውስጥ አይገባም። ያኔ ብትፈትሽ «ስንጥቅ የለም» ብለህ ትወርዳለህ። የደብረ ብርሃን ጠዋት እንዲህ አድርጎ ሊያታልል ይችላል። ፀሐይ እስክታሞቀው ጠበቅን። 14 ሲደርስ ቀዩን ረጨን። 20 ደቂቃ ተውነው። ላዩን በጨርቅ ጠረግን፤ ማጽጃውን ጨርቁ ላይ እንጂ ብረቱ ላይ አንረጭም፣ አለበለዚያ የገባውንም ያጥበዋል። በመጨረሻ ቀዩን ከስንጥቁ ስቦ የሚያወጣውን ነጭ ዱቄት ስስ አድርገን ነፋንበት።

መጀመሪያ ሁለት ቀይ ነጥቦች ታዩ። ከዚያ ነጥቦቹ ተገናኙ። ከዚያ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ከብየዳው ጫፍ ተነስቶ፣ ብየዳውን ለቆ፣ ቱቦውን ራሱን እየዞረ ወረደ። ሜትር አደረግኩበት። 9 ሴንቲ ሜትር። የቱቦው ዙሪያ 36 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሩቡ ሄዷል።

ጀማሪው ልጅ በጎረቤቱ ገመድ ላይ ነበር። «ጋሼ ልክ ናቸው» አለ። ሌላ ምንም አላለም።

ቱቦው እንዳለ እጄን ክንዱ ላይ ጣል አድርጌ ቀስ ብዬ ነቀነቅኩት። ጢቅ አለ። የስንጥቁ ሁለት ከንፈሮች ሲፋተጉ ነው። ወዲያው እጄን አነሳሁ፤ ሁላችንም ከዚያ ጎን ወጣን።

«በይዱትና ጨርሱት»

ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ተቀመጥን። ፎቶውን አሳየሁ። የምርት ክፍሉ ኃላፊ ቀና ሰው ነው፤ ግን ሥራ እንዳይቆምበት ይፈልጋል። «እናንተ ላይ ናችሁ። በይዱትና ጨርሱት» አለ።

እምቢ አልን። ምክንያቱን አንድ በአንድ ነገርኩት። ስንጥቅ ላይ ስትበይድ ከላይ ይዘጋል፣ ከሥር ይቀራል፤ ከዚያ ማየት እንኳን አትችልም። ሁለተኛ፣ ቱቦው አሁን ጭነት ተሸክሞ ነው ያለው፤ ብየዳ ሲያሞቀው ምን እንደሚያደርግ ሳይሰላ አይነካም። ሦስተኛ፣ የብየዳ ብልጭታ ናይለን ገመድ ያቀልጣል። ለዚያ የተለየ መሰናዶ ይፈልጋል፤ እኛ ለፍተሻ ነው የመጣነው። ልጄ ወይም ወንድሜ ምግብ ቤቱ ውስጥ ቢበላ የምመክረውን ነው የምመክርህ አልኩት።

ከባዱ ነገር የውሃው ነበር። የፋብሪካው ማሞቂያ (ቦይለር) ውሃ ይፈልጋል። ሙሉ ታንከር ባዶ ይሁን ብንል ፋብሪካው ይቆማል። የጥገና ኃላፊውና አንድ የስትራክቸር መሐንዲስ ተነጋግረው ታንከሩ ከ20 ሜትር ኩብ በላይ እንዳይሞላ ተወሰነ። 40 ቶን ቀለለ። ታንከሩ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋውን ተንሳፋፊ ዝቅ አድርገው አሰሩት፤ ማታ ማታ ጋሼ ከመለኪያው ላይ እያነበቡ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ፓውዛውና ክንዱ በዚያው ቀን ወረዱ። ምግብ ቤቱ ለጊዜው ወደ መጋዘኑ ዞረ።

ቱቦው የተቀየረው ከዐሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። መጀመሪያ ከጎኑ የሽቦ ገመድ በማጥበቂያ ተወጠረ፣ የቱቦውን ሥራ እንዲይዝ። ታንከሩ ለአንድ እሑድ ባዶ ሆነ። አሮጌው ተቆርጦ አዲሱ ገባ። ፓውዛው መሬት ላይ በተተከለ የራሱ ምሰሶ ላይ ሄደ። እውነቱን ለመናገር ብርሃኑም ከዚያ ነው ለግቢው የሚሻለው።

የተቆረጠውን ቱቦ ስንጥቁ ላይ ከፍተን አየነው። የኪላንድ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ስለነበር መጀመሪያ ቀለም ፈለግኩ። ቀለም አልነበረም። ከብየዳው ጫፍ አጠገብ ያለው ክፍል ጥቁር ዝገት ነው። ከዚያ ቀይ ዝገት። መጨረሻው ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ብረቱ ገና ያብለጨልጫል። ጥቁሩ የቆየው ነው፣ የሚያብለጨልጨው የቅርብ ጊዜው። ስንጥቁ ከብየዳው ጋር አልተወለደም ማለት ነው። መብራቱ ከተሰቀለ በኋላ ነፋስ ነው ያመጣው። ጋሼ የሰሙትም ሲያድግ ነው።

በቀሩት ሦስት ጎኖች ላይ ሌሎች ሁለት የተበየዱ መያዣዎች አግኝተናል፤ የመብራት ገመድ ለመያዝ የተሠሩ። በቀዩ ፈተሽናቸው፣ ንጹሕ ናቸው። ያም ሆኖ ተነቅለው ቦታቸው እንዲለሰልስ አደረግን። ስንጥቅ ባይኖርባቸውም እዚያ መኖር የለባቸውም። የእግሮቹ ውፍረት በአልትራሳውንድ ተለካ፤ ደህና ነው። ጠቅላላ ፍተሻው አምስት ቀን ወሰደ።

በኋላ የፍተሻ ቅጻችን ላይ አንድ መስመር ጨመርን፦ «አጠገቡ የሚያድረው ሰው ምን ይሰማል?» በጥር 2013 ተመልሰን ስንሄድ ያንን መስመር መጀመሪያ የሞሉት ጋሼ ናቸው። ጀማሪው ልጅ እየጠየቃቸው ጻፈ። ስለ ምሥራቁ ጎን «ዝም ብሏል» አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቀጠሉ፦ «የትርፍ ውሃው ቱቦ ግን በሰሜን በኩል ሌሊቱን ሙሉ ይንጠባጠባል፤ እግሩ ላይ ነው የሚወርደው።» ገመዱን ከሰሜኑ ጎን አሰርን።